ባለማዕረግ ግፊት

ዲላ ላይ የጡረታ ቀን ሲሆን ባንክ ደጃፍ የሚሰለፉትን የቀድሞ ወታደሮች ወግ ልብ ብላችሁ ስሙ። «የት ግንባር ነበርክ?» ቀርቷል። «ስንት ገባህ?» ተተክቷል፤ የሚጠያየቁት ግን ስለ ብሩ እንዳይመስላችሁ። «160 በ100» ይላል አንዱ። «እሷማ ምን አላት! እኔ 180ን ይዤ ነው እዚህ የቆምኩት» ይላል ሌላው ደረቱን ነፍቶ። 130 በ80 የሆነው ምስኪን እንደ ምልምል ጥግ ይይዛል።

የደም ግፊት አለካኩም ራሱን የቻለ ዘመቻ ነው። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም የለም፤ 5 ደቂቃ ዐረፍ ማለት፣ ጀርባን መደገፍ፣ እግር አለማነባበር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ አለማውራት። ግን ይርጋጨፌን ባፈራ ዞን ማን ቡና ሳይጠጣ ይለካል? ቶናው ተጠጥቶ፣ በ1970 ዓ.ም. ካራማራን ማን ቀድሞ ረገጠ በሚል ተጯጩኸው፣ እግር አነባብረው ክንዳቸውን ይሰጣሉ። «አባባ፣ እባክዎ አይናገሩ» ትላለች ነርሷ። «ልጄ፣ አፌን መዝጋት ብችል ኖሮ ጄኔራል ሆኜ ነበር የምወጣው!»

ጨው ቀንሱ የተባሉትም ትእዛዝ አክባሪ ናቸው፤ ከወጡ ይቀንሱና ቡናው ውስጥ ይጨምሩታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከፈቀደው ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ውስጥ ስኒው አይቆጠርም መሰለኝ። የግፊት ክኒኑ አምሎዲፒን ደግሞ የሚዋጠው ራስ ሲያም ነው። ልኬቱ የወረደ ዕለት «ዳንኩ» ተብሎ ይቆምና የተረፈው ለጎረቤት ይታደላል። ያወረደችው ያቺው ክኒን መሆኗን የሚያስታውስ የለም።

ደም ግፊት ድምፅ የለውም። በዓለም ላይ ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ጎልማሶች አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። ተኩስ አልሰማሁም ብሎ ጥበቃውን ጥሎ የተኛ ወታደር ምን ይደርስበት እንደነበር ከእነዚህ የቀድሞ ወታደሮች በላይ ማን ያውቃል? ለክኒን ሲሆን ግን «ምንም አይሰማኝም» በቂ ምክንያት ሆኗል።

የአንድ ሃምሳ አለቃን ኪስ አየሁ። የጡረታ ደብተራቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። የግፊት ልኬታቸው የሚመዘገብበት ካርድ ግን ሁለት ልኬት ብቻ ይዟል፤ ጀርባው በዳማ ውጤት ተሞልቷል። ጡረታቸው እንዳይቋረጥ በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጡ ሲባሉ ከሌሊት ጀምረው ይሰለፋሉ። በሕይወት የምታቆያቸው ክኒን ደግሞ ሰልፍ እንኳ የላትም።