ያልተጎሰመው ነጋሪት

ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሳለ መንግሥት አዋጁን በነጋሪት ያስጎስም ነበር። ነጋሪቱ በ1934 ዓ.ም. ስሙን እንደያዘ ጋዜጣ ሆነ፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰውም «ብርሃንና ሰላም» የተባለ ማተሚያ ቤት ያገኛል። ይህ ሁሉ ጩኸት ግን የፋራ ነው። አራዳ መንግሥት እንዳይነቃበት አፉን ይይዛል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ካሜራው ፊርማውን አሳየን፤ ወረቀቱን ግን እስካሁን አላየነውም። የሶማሌላንድ መሪ «ኢትዮጵያ እውቅና ልትሰጠን ነው» አሉ፤ የእኛ መንግሥት መግለጫ ደግሞ ጉዳዩን በጥልቀት አጥንቶ አቋም ስለመያዝ ነገረን። ፈራሚዎቹ ራሳቸው ያልተግባቡበት የመግባቢያ ሰነድ ማዘጋጀት ቀላል ጥበብ አይደለም። ሶማሊያም በሳምንት ውስጥ፣ ሕዝብ ያላየውን ወረቀት የሚሽር ሕግ አወጣች። ቅኔ ነው እንዳንል፣ በቅኔ ወርቁ ቢሰወር እንኳ ሰሙ ለሰሚ ይተርፋል፤ እዚህ ግን ሰሙም ካዝና ገብቷል።

ጥበቡ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመው የዓለም አቀፍ ሕግ አጥኚውን ነው፤ ከድካም ገላግሎታል። ልማዳዊ ሕግ የሚበቅለው መንግሥታት ደጋግመው ከሚያደርጉት፣ ያንንም ሕግ ነው ብለው ማድረጋቸውን ከሚያሳይ ማስረጃ ነው። አጥኚው ስለ ባሕር በርና ስለ እውቅና የኢትዮጵያን ድርጊት ሲፈልግ የሚያገኘው የሞቃዲሾን ተቃውሞ፣ የሃርጌሳን ደስታና የእኛን ዝምታ ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የተደረሰው መግለጫ በአንጻሩ ወዲያው ታተመ፤ የባሕር መውጫችንም በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንደሚሆን ይናገራል። እንግዲህ ነገ የሚጠቀሰው የታተመው ነው። ጥያቄያችን ሕጋዊ ነው እያሉ ወረቀቱን መቆለፍ፣ ምስክርን ቤት ዘግቶበት ችሎት እንደመሄድ ነው።

«ድርድር በአደባባይ አይካሄድም» የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። ሽማግሌም ሲያስታርቅ በር ይዘጋል፤ ዕርቁ ካለቀ በኋላ ግን ውሉን አይደብቅም። «ሰነዱ አስገዳጅ ውል አይደለም» ለሚለን፣ የማያስገድድ ከሆነ መደበቁን ምን አስገደደ? ስያሜም አያድንም፤ የዓለም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በኳታርና በባሕሬን ጉዳይ የስብሰባ ቃለ ጉባኤን እንደ ስምምነት ተቀብሏል። ውል ነው ካልን ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 102 ያልተመዘገበ ውል በድርጅቱ አካላት ፊት እንዳይጠቀስ ይከለክላል። ስለዚህ የደበቅነውን ለጠላት ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ነፍገናል።

«ኃያላኑስ ይደብቁ የለም ወይ?» ይደብቃሉ፤ በእኛው ላይ ደብቀው ያውቃሉ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣናና ስለ ባቡር መስመር ሳያማክሩን ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አቤቱታቸውን ለመንግሥታቱ ማኅበር በግልጽ አቀረቡ። በ1928 ዓ.ም. የእንግሊዝና የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል አገራችንን ለሙሶሊኒ ሊሸነሽኑ የነደፉትን ዕቅድ የገደለው ጦር ሳይሆን የፓሪስ ጋዜጣ ነው፤ ታተመ፣ ለንደን ተቆጣ፣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ፋራዎቹ ጋዜጠኞች ሚስጥር መጠበቅ ባለመቻላቸው ያተረፍነው እኛ ነበርን። አራዳው መንግሥታችን ግን ከዚህ ታሪክ የቀሰመው ሌላ ትምህርት ይመስላል፤ የታተመ ሰነድ ይሞታልና አለማተም። በዚህ ስሌት የእኛው ሰነድ ዕድሜው ረጅም ነው፤ የሚጠቅሰው የለም፣ የሚከራከርበት የለም፣ የሚነቃበትም የለም።