ሙሽራ የሌለበት ክረምት

ሰኔ ከገባ ወዲያ የመካኒሳ አቦ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሥራ ይፈታል። ድንኳን አይተከልም፣ መኪና በሪባን አያጌጥም፤ ፍልሰታ ሲገባማ የቪዲዮ ባለሙያውም ሱባኤ ይይዛል። አንዳንዱ ባልደረባ የግንቦት አልበሞችን ቀሪ ሒሳብ ሲያሳድድ ይከርማል፤ ሌላው ጉርድ ፎቶ እያነሳ የሱቅ ኪራዩን ይገፋል። የዚህ ወግ ባለቤት ግን ነሐሴ ላይ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ከአቦ ታክሲ ይይዛል፤ በሳር ቤት፣ በሜክሲኮ አድርጎ ወደ ጉለሌ ይወጣል። "አበባ ከሆነ የጎረቤታችን የእማማ አጥር ሞልቶልህ የለ እንዴ?" ትለዋለች ሚስቱ። እውነቷን ነው። የእማማ አጥር ላይ ግን ኮሶ የለም።

የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ላይ 705 ሄክታር ይዟል። በዓለም ስሙ የገነነው የለንደኑ ኪው ከ130 ሄክታር ብዙም አይዘልም፤ ከአምስት እጥፍ በላይ እንበልጠዋለን ማለት ነው፣ በስፋት እንኳ። ተራራው ለብዙ ዘመን የባሕር ዛፍ ርስት ስለነበር አገር በቀሎቹን መልሶ ማልማት የማዕከሉ ትልቁ ሥራ ነው። ባሕር ዛፉም በዋዛ የሚለቅ አይደለም። ፎቶ አንሺው ጽዱን ለብቻው ላንሳ ብሎ ሲያነጣጥር፣ እንዳልተጠራ የሠርግ እንግዳ ከኋላ ቀጥ ብሎ ብቅ ይላል።

በር ላይ ጥበቃው ወጣት ነው። ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ ካሜራውን አየና ከኋላ የሚከተል ሰው ፈለገ።

"ጋሼ፣ ሙሽሮቹስ?"

"ቀድመውኝ ገብተዋል፤ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።"

"በዚህ ዝናብ!"

"ከተተከሉ ጀምሮ እዚያው ናቸው።"

ልጁ ትንሽ አሰበና ሳቀ። በእሱም አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው። በዚህ ወር እጽዋት ሊያይ ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ተማሪ ነው፣ ወይ ቤቱ ያፈሳል።

ሰውየው ግን የሚያውቀውን ያውቃል። በጥር የቀትር ፀሐይ ቅጠል ሲያነሱት ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የሙሽሮችም ዓይን ሥር ጥላ የሚያጠላው ይኸው ፀሐይ ነው። ደመና ሲሸፍነው ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ለስልሶ ይመጣል፤ አረንጓዴው ይጠልቃል፣ የዛፍ ልጥ ቀለሙን ያወጣል። ጉሙ ብቻ ካሜራን ያታልላል። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት "ብርሃን በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ጉሙም አመድ ይመስላል። ሃያ ዓመት ቬሎ ያነሳ ሰው መድኃኒቱን አያጣም፦ ለቬሎ የሚጨምራትን አንድ ማዞሪያ ብርሃን ለጉሙም ይጨምራል። የእንጦጦን ተራራ እንደ ሙሽሪት ማንሳት ይሉሃል ይህ ነው።

ዋናው ባለጉዳይ ኮሶ ነው። ከዛፉ ሥር ሲቆም ሙያው አመለጠውና "ትንሽ ቀና" ሊል ምንም አልቀረው። ኮሶ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ናቸው፤ የሴቷ አበባ ወደ ቀይ ያደላል፣ የወንዱ ፈዘዝ ይላል። ለሠርግ ፎቶ አንሺ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም፦ ሙሽራና ሙሽሪት በአንድ ፍሬም አይገቡም። ይባስ ብሎ በብዛት የሚያብበው በበጋ ስለሆነ ነሐሴ ላይ ሁለቱም ያለ ጌጥ ነው የሚቆሙት። ቢሆንም ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ቅጠሉ ጫፉ እንደ መጋዝ የተከረከመ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው፤ የለጋው ብርማ ጸጉር ጠብታውን አንጠልጥሎ ይይዛል። ቡናማው ልጥ ዝናቡ አርሶት እየተላጠ ከሥሩ ቀላ ያለ ሌላ ልጥ ያሳያል። ከጎኑ ካለው ጽድ ላይ ደግሞ የዛፍ ሽበት ተንዠርግጓል።

ይህን ዛፍ ለአውሮፓ በሥዕል ካስተዋወቁት አንዱ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። እንግሊዛዊውን የእጽዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር በስሙ ሊጠራው ሞክሮ ነበር፤ ሳይጸናለት ቀርቶ ሳይንሱ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ብሎት ቀረ። ከብሩስ ጋር የመጣው ሠዓሊ ግን ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር፤ እጽዋቱን ሲስል ቆይቶ ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም የሥዕሎቹን ክብር ለራሱ አስቀረ። የስቱዲዮው ስም ያለበትን ጥግ ቆርጦ ፎቶውን የሚለጥፍ ደንበኛ ያጋጠመው ሁሉ ለባሉጋኒ ማዘኑ አይቀርም።

ዝናቡ ሲያይል ሻይ ቤት ተገባ። ስህተቱ እዚያ ነው፤ ብርድ የጠጣ ሌንስ የሞቀ ቤት ሲገባ ወዲያው ያልበዋል። መፍትሔው ካሜራውን ከቦርሳ ሳያወጡ ሻይን በእርጋታ መጨረስ ነው። ሚስቱ ማታ ሩዝ ውስጥ ክተተው ትለዋለች፤ የሩዝ ብናኝ ግን ለሌንስ ሌላ ጣጣ ነው። የአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትናንሾቹ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሻላሉ። ችላ ያሉት ሌንስ ክረምቱን ሻጋታ አብቅሎ ራሱ የእጽዋት ማዕከል ይሆናል።

የእጽዋቱን ውበት ብቻ ይዞ መመለስ ግን የባለሙያ ሥራ አይደለም፤ መዝገቡም አብሮ መምጣት አለበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት ተመዝግበው የታተሙባቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ወስደዋል፤ የእጽዋት ሳይንቲስቶቹ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሥራውን ከጠነሰሱት፣ ሰብስቤ ደምሰው ደግሞ ከመሩት አንዱ ናቸው። ከተመዘገበው ወደ 6,000 የሚጠጋ ዝርያ ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር አይገኝም። ሰብስቤ የጉለሌውንም ማዕከል በዳይሬክተርነት መርተዋል። አጥኚዎች ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል ተጭነው ሲያደርቁ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከፍታውን አብረው ይጽፋሉ። ፎቶ አንሺው ከእነሱ የወሰደው ይህን ነው፦ መጀመሪያ የስም ሰሌዳውን፣ ከዚያ ሙሉ ዛፉን፣ ከዚያ ልጡን፣ መጨረሻ ቅጠሉን ከፊትም ከጀርባም ያነሳል። ያለ ስም ሰሌዳ የተነሳ ቅጠል ቤት ሲገባ ማንም አያውቀውም፣ አንሺውንም ጨምሮ።

በክረምት አብዝቶ ፎቶ የሚነሳው ተክል ግን ችግኝ ነው። አንዷን ችግኝ ስድስት ሰው ይዟት፣ ሁሉም ወደ ካሜራ እያየ፣ እሷን የሚያይ ጠፍቶ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር፤ የዚያን ቀን ፎቶ በስልኩ ያላስቀረ ጥቂት ነው። ፎቶው ያላችሁ እባካችሁ ዘንድሮ በነሐሴ ወደዚያው ቦታ ሂዱና ያችኑ ችግኝ አንሷት፤ ፌስታልና ጃንጥላ አትርሱ።