ከሲጋራ ወደ ሲጋር

የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን በዱባይ በኩል መጥቶ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። በሚመለስበት ቀን፣ ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ከኮቱ ኪስ ወፈር ያለ ቡናማ ነገር አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። አናቱ አካባቢ ቢጫና ጥቁር ቀለበት አጥልቋል። “ኮሂባ ነው። ሲግሎ ስድስት ይባላል። 120 ዶላር ነው” አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስጦታ ነበሩ። ሦስተኛው ዕዳ ሆኖብኝ ይኸው አምስት ወር ሞላኝ።

እኔ የማውቀው ሲጋራ ነው። ሱቅ ሄደህ በነጠላ ትገዛለህ፤ ባለሱቁ በክር የታሰረውን ላይተር በመስኮቱ ያቀብልሃል፤ አለቀ። ይኼኛው ግን ሲጋር ነው። አንዲት ፊደል ከራብዕ ወደ ሳድስ ብትወርድ ዋጋው ሰማይ ወጣ። እናቴ ልዩነቱን አልተቀበለችም። “ያው ትምባሆ ነው” ብላ ፊቷን አዞረች። በአፄ ዮሐንስ ዘመን ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር ሲባል እየሰማች ያደገች ሴት ናት። ዋጋውን ብነግራት ሕጉ ይመለስ የምትል ስለመሰለኝ ዝም አልኩ።

የሚያንገበግበኝ ታዲያ መወደዱ አይደለም፤ መነገሩ ነው። መቼም ዋጋ በመጠየቅ የሚያህለን የለም። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ከ“እንዴት አደርክ” ቀጥሎ “ስንት ገዛኸው?” መባሉን ያውቃል፤ መልሱንም ለጎረቤት ቀንሶ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው ጨምሮ አዘጋጅቶ ነው ከቤት የሚወጣው። ሽንኩርት ይዛ ታክሲ የገባች ሴት ሳትጠየቅ አትወርድም። ኪሎውን ስትናገር ከኋላ ያለው “እኛ ሰፈር በአምስት ብር ይቀንሳል” ይላል፤ ከፊት ያለችው “የበሰበሰውን ነዋ!” ትለዋለች፤ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ይዳኛል፤ ሴትዮዋ ከወረደች በኋላም ሽንኩርቷ እስከ ሜክሲኮ ድረስ አብሮን ይጓዛል። ይህ ሁሉ ወግ ነው፤ አልጠላውም። ስጦታ ላይ ሲደርስ ግን ድንበር ነበረን። ከውጭ የመጣ ሰው ሸሚዙን ከመስጠቱ በፊት የዋጋ ወረቀቱን ይቆርጣል። ካልቆረጠም ረስቼው ነው ይላል፤ እኛም እናምነዋለን። አክስቴ ከአሜሪካ የተላከላትን ብርድ ልብስ ከነወረቀቱ ሦስት ዓመት ሶፋ ላይ አንጥፋዋለች፤ ወረቀቱ ወደ በሩ ዞሮ። እንግዳ “ይህቺ ምንድን ናት?” ብሎ ጎንበስ ሲል “ውይ፣ አላየኋትም!” ትል ነበር። እሷ እንኳ በአፏ አልተናገረችም።

ኮሂባ ራሱ፣ ገርሞኝ አገላብጬ ሳነብ፣ ስጦታ ሆኖ የተወለደ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለኩባው መሪ ለፊደል ካስትሮ ተብሎ ተጀመረ፤ ሃቫና ውስጥ ኤል ላጊቶ በሚባል ቪላ ሴቶች እየጠቀለሉት ለእሱና ለውጭ አገር መሪዎች ይቀርብ ነበር። ለገበያ የወጣው በ1982 ነው። ካስትሮ በ1978 ለአብዮት በዓል አዲስ አበባ ሲመጣ ሱቅ ገብቶ ኮሂባ መግዛት አይቻልም ነበር ማለት ነው። “ስንት ገዛኸው?” መልስ አልነበረውም። እኔ ዘንድ ሲደርስ ነው መልስ ያገኘው።

እሺ፣ 120 ዶላሩ ይገባዋል ወይ? ተጣጥሞ ከተጨሰ አንድ ሰዓት ተኩል ያቆያል አሉ። 120ን ለ90 ደቂቃ አካፈልኩት፤ ደቂቃዋ አንድ ዶላር ከ33 ሳንቲም። አዋቂዎቹ በየደቂቃው አንዴ ብቻ ሳብ ይደረግ ይላሉ፤ ትን ካለኝ አንድ ሙሉ ሳብ ከሰርኩ። ይባስ ብሎ ጭሱ አይዋጥም፤ አፍ ውስጥ ተንከባሎ ይወጣል። አጉርሰውህ “እንዳትውጥ” እንደማለት ነው።

ጣዕሙን ሲገልጹት ደግሞ የሚሉትን ስሙ። ቆዳ፣ አፈር፣ የዝግባ እንጨት፣ ቡና። አንዳንዱም የከብት በረት ይላል፤ ማመስገኑ ነው። እኔ እንግዲህ አያቴ ቤት በነጻ በረት ሳሸት ያደግሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የሠራችውን ወጥ “ቆዳ ቆዳ ይላል” ብላት ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገኝ። ቡናውማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከነዕጣኑ ከነፈንዲሻው እዚሁ አለ።

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ነበር። በ2022 ዋጋው በብዙ አገር ከእጥፍ በላይ መዝለሉን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ሻጮቹ የዓለሙን ዋጋ በሆንግ ኮንግ ልክ ስላደረጉት ነው። ቅጠሉ ያው የፒናር ዴል ሪዮ ቅጠል ነው፤ እንደ ጠላ ድፍድፍ ሦስት ጊዜ መብላላቱም ያው ነው፤ የሚጠቀለለውም በዚያው በእጅ። ጤፍ ሲወደድ ዝናብ ጠፋ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ ደላላ ገባበት እንላለን፤ ውሸትም ቢሆን ምክንያት ይሰጠናል። እዚህ ሸቀጡ መወደዱ ራሱ ነው! ባለፈው አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ሲጋር የያዘ ሰው አየሁ። በእኛ አቆጣጠር የ2011ዱ አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ስለከለከለ ሲጋሩን አልለኮሰውም፤ ግን ይዞታል። ቀለበቱ በእኛ በኩል እንዲታይ አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዞት ተቀመጠ። ቡና ያመጣችለትን ልጅ ቀና ብሎ አላያትም። ሰውየው የሚያጨሰው የእኛን ዓይን ነበር፤ እኔ ደሞ ሞኙ አጨስኩለት።

ሌላም ነገር ደረስኩበት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 በኩባ ዕቃ ላይ እገዳውን ከመፈረሙ በፊት ቃል አቀባዩን ፒየር ሳሊንጀርን ጠርቶ እስከ ነገ ጠዋት 1,000 የኩባ ሲጋር እንዲያገኝለት አዘዘው። ሳሊንጀር ራሱ እንደተናገረው 1,200 ይዞ መጣ፤ ኬኔዲም ያንን ካረጋገጠ በኋላ ፈረመ። እገዳው አንዴ ሲላላ አንዴ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ከ2020 ጀምሮ መንገደኛ በሻንጣው እንኳ የኩባ ትምባሆ ይዞ አሜሪካ እንዳይገባ ተከልክሏል። የአጎቴ ልጅ ታዲያ ወዴት ነበር የሚመለሰው? ጉምሩክ ከሚበላው ዘመድ ይብላው ብሎ ነው!

ይሁን። ሲመጣ ለእናቴ የስድስት ወር የደም ግፊት መድኃኒት ይዞላት ነበር። የእሱን ዋጋ ብንለምነውም አልነገረንም።

ዳኛ ፈልጌ ልጅ ሆኖ ኩባ የተማረ ጎረቤቴን ጠራሁት። ሲጋሩን ከአፍንጫው ሥር ከዳር እስከ ዳር አሳለፈው፤ በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ፍርድ ጠበቅሁ። “አሥራ አንድ ዓመት ኩባ ኖሬ ይህን ቀለበት በእጄ ስነካ ዛሬ አንተ ቤት ነው” አለና መለሰልኝ። ከዚያ ስለ ሩዝና ስለ ጥቁር ባቄላ ሲያጫውተኝ መሸ።

አሁን ጭንቀቴ ማስቀመጫው ነው። ሲጋር ከመቶ ወደ ሰባ የሚጠጋ እርጥበት ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ የጥር አየር ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ሣጥን ሌላ ዶላር ነው። ቤታችን ውስጥ እርጥበት የሚይዝ ነገር መሶቡ ብቻ ስለሆነ እዚያ ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ “እንጀራው ምን ምን ይላል?” አለች። የዝግባ እንጨት ልላት አስቤ ነበር። ሲጋሩ በዚያው ማታ ተባሮ ወጥቶ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀመጠ።

የአጎቴ ልጅ በየእሑዱ ይደውላል። ስለ እናቴ ጤና ይጠይቅና “አጨስካት?” ይለኛል። “ቀን እየመረጥኩላት ነው” እለዋለሁ። ትናንት አውርጄ ሳየው ከቀለበቱ በላይ የጣት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። አልነገርኩትም።