ያልታተመ የድልድይ ስያሜ አዋጅ

አዋጅ፣ አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኛ ሥልጣን የሌለን፣ በጀት ያልተመደበልንና ማኅተም ያልተቀረጸልን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ በከተማችን የሚሠራው የመጀመሪያ ድልድይ ኮሪያ ዘምተው ሜዳይ ባጠለቁ ጀግኖች እንዲሰየም ወስነናል። ጉዳዩን ለዐቢይ ኮሚቴ ብንመራው ዐቢዩ ለንዑስ፣ ንዑሱም ለባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ እንደሚመራው እናውቃለን። መድረኩ ተጠናቆ አበል እስኪከፈል ሕዝቡ ድልድዩን በአጠገቡ ባለው ሥጋ ቤት ስም መጥራት ስለሚጀምር፣ ይህን አዋጅ አስቀድመን ማውጣት ግድ ሆኖብናል።

የከተማችን የስም መዝገብ ሲመረመር የሚያሳፍር ነገር ስለተገኘ፤ ጠላት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. የተባረረ ቢሆንም በአምስት ዓመት ውስጥ ጥሏቸው የሄደው ፒያሳ፣ መርካቶና ካዛንቺስ እስከ ዛሬ በታክሲ ረዳት ጉሮሮ በክብር የሚኖሩ ስለሆነ፤ በአንጻሩ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፉት ሰማዕታት የተሰየመው አደባባይ ስድስት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ለተገኘው ድል የተሰየመውም አራት ኪሎ እየተባለ የሚጠራ ስለሆነ፤ አርበኛው በጦርነቱ አሸንፎ በታክሲ ጥሪ መሸነፉ ስለተረጋገጠ፤ ለዚህም ጥፋቱ የተሳፋሪው ሳይሆን ስምን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሥራው አልቋል ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰያሚ ሆኖ ስላገኘነው፤ ስም በጽሕፈት የሚወጣ ቢሆንም የሚጸናው ግን በአፍ ብቻ ስለሆነ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ድልድይ ስለ መመረጡ። ጎዳና ወይም አደባባይ ሳይሆን ድልድይ የተመረጠው በማስረጃ ነው። አፍሪካ ጎዳና የተባለውን መንገድ ሰው ሁሉ ቦሌ መንገድ ይለዋል፤ የመንገዱን መጠሪያ ሳያውቅም ቢሆን የሚሄድበት ይደርሳልና። ድልድይ ግን ምልክት ነው። አቅጣጫ የሚጠቁም ሰው «ድልድዩን ሳትሻገር ወደ ግራ» ማለቱ ስለማይቀር፣ የትኛው ድልድይ እንደሆነ መናገርም ግዴታው ነው። በዚህም ምክንያት የዓድዋው ዘማች ራስ መኮንንና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዛሬም በየድልድያቸው ይጠራሉ። የድልድይ ስም ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ አብዮቱን ይጠይቅ። ደርግ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም ከዩኒቨርሲቲው ላይ ሲፍቅ የአባታቸው ድልድይ ከነስሙ ቀርቷል። ለጃንሆይ ያልተመለሰ ሰይፍ ለራስ መኮንን የተመለሰው በርኅራኄ አይደለም፤ ያንን ስፍራ በሌላ ስም የሚጠራ መንገደኛ ስላልተገኘ ነው። ይሁንና ሕዝቡ ዝም ብሎ የሚጠብቅ እንዳይመስላችሁ። ባለሥልጣን ሲዘገይ ራሱ ይሰይማል፣ የሚሰይመውም ባየው ነገር ነው። ሰባራ ድልድይና ሰባራ ባቡር ስማቸውን ያገኙት ያለ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ በጀግና የተሰየመ ድልድይ አጥሩ ወልቆ፣ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ከተገኘ ጀግናው ወርዶ ስብራቱ እንደሚሾም ሁሉም አካል ይወቀው። ጥገናም የስያሜው አካል ነው።

አንቀጽ 2፤ ስለ ስሙ። በተለመደው አሠራር ድልድዩ «የኮሪያ ዘማች ባለ ሜዳይ ጀግኖች የመታሰቢያ ድልድይ» ሊባል ይችል ነበር። ይህን ስም አንድ የታክሲ ረዳት ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሳይጨርስ መኪናው ሞልቶ ይሄዳል። ስለዚህ ድልድዩ «ቃኘው» ይባላል፤ አንድ ቃል ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ቃኘው ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት ሻለቆች መጠሪያ ነበር። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው ግን በጠላት እጅ አልተማረከም። ቃኘው የፈረስ ስም ነውና፣ የፈረስ ስም ለሰው መታሰቢያ ይሆናልን ብሎ ለሚከራከር፣ የአገሩ ልማድ ይህ መሆኑን እናስታውሰዋለን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። አባ ቃኘው ራሱ ራስ መኮንን ነው። አንድ ስም ብንሰይም ዓድዋንና ኮሪያን አብረን ማንሳታችን ነው፤ በጀት ለሚቆጥቡ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ የተሻለ ቅናሽ አናውቅም።

አንቀጽ 3፤ ስለሚቀርቡ መቃወሚያዎች። የመጀመሪያው መቃወሚያ «ኮሪያ የሰው አገር ጦርነት ነው፤ ለአገሩ የወደቀ እያለ ለምን እነሱ?» የሚል ነው። በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታትን የጠየቀችው ይህንኑ ነበር፤ አንዱ ሲወረር ሌላው ይድረስለት አለች። ማንም አልደረሰም። ከ15 ዓመት በኋላ ለሌላው የደረሱት እነዚህ ወታደሮች ናቸው፤ አገራቸው ከሌሎች የለመነችውን ቃል በደማቸው ከፈሉ። ደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ላይ መታሰቢያ ስታቆምላቸው አገራቸው ድልድይ ብትነፍጋቸው የሚያስተዛዝብ ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ ዛሬ የምንሰይመውን ነገ የሚመጣ መንግሥት ይሽረዋል ይላል። መልሱ በአንቀጽ 1 ተሰጥቷል፤ ሰሌዳ ይነቀላል፣ አፍ ግን አይነቀልም። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ስም ርካሽ ክብር ነው፤ ለአርበኛ ዳቦ ሳይሰጡ ሰሌዳ መስጠት ፌዝ ነው ይላል። ይህን መቃወሚያ በሙሉ ተቀብለናል። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ተዋግቶ ደጃዝማች ተባለ፣ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ፣ ዛሬ ደግሞ በስሙ ጎዳና አለው። ከሦስቱ ለመንግሥት የቀለለው የመጨረሻው እንደነበር ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ብቻውን ስለማይበቃ ሰሌዳውም ይቅር ማለት አንከፍልምና አናስታውስም እንደማለት ነው። ዕዳ በከፊል የተከፈለ እንደሆነ ቀሪው ይጠየቃል እንጂ የተከፈለው አይመለስም። ስለዚህ የሚቀጥለው አንቀጽ ተጨምሯል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ምረቃው። የከተማዋን ግንባታዎች የመረቃቸውን ሰው ስም ከእብነ በረዱ ላይ በቀላሉ ማንበብ ሲቻል፣ ስለ ማን እንደተሠሩ ግን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ያሻል። በዚህ ድልድይ ላይ የመራቂው ስም ከጀግኖቹ ስም በሚያንስ ፊደል ይጻፋል፤ ጨርሶ ባይጻፍም አዋጁ አይከፋውም። እብነ በረዱ የዘማቾቹን ዘመን፣ የዘመቱበትን አገርና ያደረጉትን ነገር ተማሪ ቆሞ አንብቦ በሚረዳው አማርኛ ይናገራል፤ ሥራው ያልተነገረለት ስም ከጊዜ በኋላ ፌርማታ ብቻ ሆኖ ይቀራልና። ለቲሸርት፣ ለባነር፣ ለምሳ ግብዣና ለድንኳን የሚያዘው ገንዘብ በሕይወት ላሉ አረጋውያን ዘማቾችና ለሟች ቤተሰቦች ሕክምና ይውላል። ሪቫኑን ከዘማቾቹ አንዱ ይቆርጣል፤ መቀሱ ለባለሥልጣን አይሰጥም። ንግግር ማድረግ የፈለገ ባለሥልጣን አይከለከልም፤ ንግግሩን ግን ድልድዩን ከወዲህ ወዲያ በእግሩ እየተሻገረ ያደርጋል፣ ማዶ ሲደርስም ይጨርሳል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ተሻሩ ልማዶችና አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ። ስምን በደብዳቤ አስተላልፎ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ልማድ፣ አንድን ጀግና በሰባት ቃል ሐረግ የማፈን ልማድና ሰሌዳ ተክሎ ጥገና የመርሳት ልማድ በዚህ አዋጅ ተሽረዋል። ስያሜውን የማስፈጸም ኃላፊነት የታክሲ ረዳቶች፣ የተሳፋሪዎችና አቅጣጫ የሚጠቁሙ የሱቅ ደጃፍ ነዋሪዎች ይሆናል። ሌሎች አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው ከወጡበት ቀን ጀምሮ የጸኑ ይሆናሉ፤ ይህ አዋጅ ግን የመጀመሪያው ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቃኘው! ቃኘው! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ከተጣራበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።