ሲሶ ልብ

የድሮው የመሬት ሥርዓታችን በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ይህ አከፋፈል አብሮ የተቀበረ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። የት ይቀበራል! ከእርሻው ተነቅሎ ደረታችን ውስጥ ገባ እንጂ። ዛሬ የምእመን ልብ በገመድ ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎበት፣ ለሦስት ተከፍሏል። ሲሶው ለእንጀራና ለገንዘብ፣ ሲሶው ለዘመድ አዝማድና ለይሉኝታ፣ የቀረችው ሲሶ ለእግዚአብሔር። ከገንዘቡ ወገን አልፎ አልፎ ድንበር መግፋት አለ፤ ባለቤቱ ዝም ስለሚል ክርክር ተነሥቶ አያውቅም።

ነገሩን ያበላሸው መጽሐፉ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ሙሴ ልብንም ነፍስንም ኃይልንም ምንም ሳታስቀሩ አስረክቡ ይላል። ጌታም ከትእዛዛት ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ያንኑ ደገመ፤ ቅናሽ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ሁሉ አፈረ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በረሃ ለበረሃ መና እየለቀመ ለሚኖር ሕዝብ ያምር ይሆናል፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ላለበት ሰው ግን ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ መላ ዘየድን። ሲሶዋን እንከን እስኪጠፋላት ድረስ አሳምሮ መስጠት፣ በሲሶዋ ጥራት የቀረውን ሁለት እጅ ማስረሳት።

ይህ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚያምረው በጾም ነው። ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሉን፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ሁሉም ሲደመሩ የዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ይሆናል። በዚህ ላይ ማን ስማችንን በክፉ ያነሣል? የቅበላ እሑድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ሁለት ኪሎ ቁርጥ የሚያስቆርጠውን ሰው ሆዳም የሚለው ነገር የማይገባው ሰው ነው። ሰውዬው ለ55 ቀን መንገድ ስንቅ እየቋጠረ ነው።

ሰኞ ሲነጋ ከተማው ይጾማል። የጾም ማኪያቶ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ክሬም ኬክ። በያይነቱ የድሃ ምግብ ነበር፤ አሁን ትሪው ላይ የሚደረደረውን ለመቁጠር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አባቶች ለሰው ልጅ የተሰጠው የመጀመሪያው ሕግ ጾም ነበር፣ አዳምም የወደቀው በመብል ነው እያሉ ያስተምራሉ። የአዳም ጥፋቱ ያለ ዘመኑ መፈጠሩ ነው። ያኔ አንድ ብልህ ኬክ ጋጋሪ ቢኖር ኖሮ፣ በመልክም በጣዕምም ከዚያች ፍሬ የማትለይ የጾም ፍሬ ሠርቶለት ገነትንም ሆዱንም ሳያጣ ይኖር ነበር።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ ካፌ ቁጭ ብያለሁ። ሁለት ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ከጎኔ ተቀመጡ። አንደኛዋ ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለውን ኬክ በጣታቸው እያሳዩ አስተናጋጇን ጠሩ።

«የኔ እናት፣ እንቁላል አለበት?»

«የለበትም እትዬ፣ የጾም ነው።»

«ወተትስ?»

«በአኩሪ አተር ነው የሚሠራው።»

«እሺ፣ የተጋገረበት ትሪስ? ለፍስኩም እሱኑ ነው የምትጠቀሙት?»

ልጅቱ ግራ ገብቷት ወደ ውስጥ ሮጠች። ጋጋሪው ራሱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣና ትሪው የብቻው መሆኑን በማርያም ስም ምሎ አረጋገጠ። ሴትዮዋ ተነፈሱ፤ እኔም አብሬ ተነፈስኩ። ይህን ያህል ለነፍሱ የሚጠነቀቅ ሰው ሳይ ልቤ ይነካል።

ኬኩ መጣና ጨዋታው ቀጠለ።

«ያቺን ልጅ አስወጣኋት።»

«ውይ! ጎበዝ አልነበረች እንዴ? የወሩንስ ሰጠሻት?»

«የምን ወር? 27 ቀን እኮ ነው የሠራችው፤ ወሩ መቼ ሞላ? ደግሞ ቴርሞሴን ሰብራብኛለች።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ ጓደኛቸው፣ ክሬሙን በማንኪያ እየነኩ። «ይሄ ነገር ግን እውነት የጾም ነው? በጣም ይጣፍጣል።»

ፍርዱ ከየት እንደተቀዳ አላውቅም፤ ትሪው ግን ንጹሕ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ስለዚህ ጉዳይ ተናግሯል፤ አለመታደል ሆኖ የተናገረው ስለ ትሪው አይደለም። ሕዝቡ ጾመን ሳለ ስለምን አታየንም ብሎ ቢያጉረመርም፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል መልስ አመጣላቸው። ያዕቆብም በመልእክቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ድምፅ አውጥቶ ይጮኻል ብሏል። ሁለቱም ስለ እንቁላል አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ማለፋቸው ከባድ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱን እኛ ሞልተነዋል።

ወንዶቹ እንዳይቀየሙ፦ ዓርብ ቀን ባለጉዳይ ጥብስ ልጋብዝዎ ሲለው «ጾም ነው» ብሎ ፊቱን የሚያዞር የቢሮ ሰው አለ። ፖስታ ሲዘረጋለት ግን አይዞርም። ፖስታ ውስጥ ቅቤ የለም፤ ጉቦ የፍስክ ነው የሚል ቀኖናም እስካሁን አልወጣም።

ከጾሙ ቀጥሎ ስለት አለ፤ ይህ ደግሞ የውል ሕግ ነው። ራስ መኮንን ባሠሩት በቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ይመሰክራል። በባዶ እግሩ የሚመጣ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አቀበቱን የሚወጣ፣ እንባው የማይደርቅ ሰው እዚያ አለ፤ በእሱ ላይ አፌን አልከፍትም። እኔ የማደንቀው ውሉን አጥርቶ የሚመጣውን ነው። ቪዛው ከወጣ ምንጣፍ፣ ወንድ ልጅ ከተገኘ ጃንጥላ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከደረሰ መጋረጃ። ካልወጣ፣ ካልተገኘ፣ ካልደረሰ ምንም። ቅድመ ክፍያ የለ፣ ኪሣራ የለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «አንተን ብቻ ብዬ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ቢገኝ፣ አጠገቡ የቆመው ምእመን «ምን ተስለህ ነው?» እያለ እስኪሰለች ይጠይቀዋል፤ ምንም አልተሳልኩም ቢለው አያምነውም።

የሙዳየ ምጽዋቱም ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ገልብጦ አይቶ «ይሄ አይሠራም፣ ቀይርልኝ» ብሎ የመለሰው፣ በፕላስተር የተጠገነ ባለ 10 ብር የት ይገባል? ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ በግ ለመሥዋዕት የሚያመጡትን፣ እስቲ ይህንኑ ለአገረ ገዢያችሁ አቅርቡት፣ ደስ ይለው እንደሆነ እዩ ብሎ ሞግቷቸው ነበር። ዛሬ አገረ ገዢ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ረዳቱ ይበቃል።

የፕሮቴስታንት ወንድሞቼ እስካሁን እየሳቁ ያነበቡ ይመስለኛል። እነሱ ጾምም ስለትም ስለሌለባቸው ሲሶውን የሚከፍሉት በዜማ ነው። ዓይን ተጨፍኖ፣ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለመናዬ ያንተ ነው የሚለው መዝሙር ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል። አንዱ እጅ ስልክ ይዞ ይቀርጻል፤ ሁለመና ማለት ስልኩን አይጨምርም። ቀጥሎ የመባ ከረጢት ሲመጣ ያው የተዘረጋው እጅ ወደ ኪስ ይገባና በመዳሰስ ብቻ መቶውን ከሃምሳው ለይቶ ሃምሳውን ያወጣል። ዓይን እንደተጨፈነ ይህን ማድረግ ጸጋ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ብልሃት ያልገባቸው ሰዎች በታሪክ ነበሩ። እንጦንስ አንዱ ነው። አትናቴዎስ እንደጻፈው፣ ገና ወጣት ሳለ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ የሚለው ወንጌል ሲነበብ ሰማና ወጥቶ የወላጆቹን ለም መሬት ለመንደሩ ሰው አደለው፣ ንብረቱንም ሸጦ ለድሆች ሰጠ። ለእህቱ ትንሽ አስቀርቶ ነበር፤ ሌላ ቀን ስለ ነገ አትጨነቁ የሚለውን ሲሰማ ያንንም ሰጠ። የኛ ሰው ያንኑ ወንጌል ስንቴ ሰምቶ ስንቴ በሰላም ወደ ቤቱ ገብቷል! ለጆሮ ብርታት ሽልማት ቢኖር እንጦንስ ከኛ ጋር አይወዳደርም ነበር።

አቡነ ጴጥሮስም ያው ናቸው። ጣሊያን ለገዢው ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲያሳምኑ ሲጠይቃቸው፣ ሲሶዋን ቢሰጡት ምን ነበረበት? አንዲት አጭር ቡራኬ፣ አንድ ለስላሳ ስብከት፣ ከዚያ የቀረውን ሁለት እጅ ለአምላካቸው በሰላም ማቆየት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡ እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እንዳትቀበለው አወገዙ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ በ1971 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው እጅ ተገደሉ። ሁለቱ በትምህርተ ሃይማኖት የማይገናኙ ሰዎች ነበሩ፤ ማካፈል ባለማወቅ ግን ተገናኙ። እኛ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ እናደርጋለን፣ ሐውልት እናቆማለን፣ ንግግር እናሰማለን። እንደነሱ ሁኑ የሚለን ካልመጣ በቀር እንወዳቸዋለን።

ሐናንያና ሰጲራ ግን ያሳዝኑኛል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 መሬታቸውን ሸጠው ከገንዘቡ ጥቂት አስቀሩና የቀረውን ሁሉ ይኸው ብለው በሐዋርያት እግር ሥር አኖሩ። ልብ በሉ፣ የሰጡት ምናልባት ከኛ ሲሶ የሚበልጥ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ሐናንያን ባትሸጠውስ የራስህ አልነበረም ወይ፣ ማን አስገደደህ አለው፤ ቁጣው በስጦታው ማነስ ሳይሆን ከፊሉን ሰጥተው ሙሉ ነው በማለታቸው ነበር። ባልም ሚስትም ወድቀው ሞቱ፣ ጎልማሶች አውጥተው ቀበሯቸው። በዚያ ሕግ ዛሬ ቢፈረድ ቀባሪ አይገኝም።

አሁንም በሁዳዴ፣ ሰንበቷ ደብረ ዘይት በምትባልበት ሳምንት ነበር፤ አንድ ጉባኤ ላይ ሽማግሌ መምህር ስለ ዳግም ምጽአት አስተማሩ። ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ገልጠው የፍርዱን ቀን ጥያቄዎች በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን፦ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። «ጥያቄው ቀድሞ ወጥቷል ልጆቼ፣ ማንም አልሰማሁም አይበል» አሉ። አዳራሹ በአክብሮት ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ አባወራ ተኙ፤ ከበስተኋላ አንድ ልጅ በስልኩ መልእክት ይጽፋል።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ መምህሩ።

አንድ እጅ ወጣ። ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ የተከበረ የሚመስል ሰው ነው።

«አባታችን፣ ትምህርቱ ግሩም ነው፤ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ግን እስቲ ይህቺን ነገር ቁርጧን ይንገሩን፤ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?»

አባወራው ነቁ። ልጁ ስልኩን አስቀመጠ። ማስታወሻ ደብተርና ብዕር በየቦርሳው ውስጥ እንደነበረ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።