ያላበው እንጀራ

እንጀራ ከምጣድ በወጣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይሻግታል። የእርሾው ኮምጣጣነት ባክቴሪያን ቢገታም ሻጋታን ብዙም አያስፈራውም፤ ለሻጋታ እርጥበት ይበቃዋል። ባለሙያ የምትባለው ሴት ስለዚህ እንጀራውን በሰፌድ አውጥታ ታበርዳለች፤ ከዚያ መሶብ ውስጥ ትደረድራለች። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ መሶብ ይተነፍሳል።

ፌስታል አይተነፍስም። አዲስ አበባ፣ ሸጎሌ ውስጥ ወደ ማታ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ ይገባል፤ ፌስታሉም ሁለቴ ይቋጠራል። ቋጠሮው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። አንደኛው አቧራ እንዳይገባ ነው ይባል። ሁለተኛውስ? እንጀራ አያመልጥም። እዚያው ሸጎሌ ከብት ገበያ፣ ቀንድ ያለው በሬ እንኳ ሲፈለግ በሚፈታ ገመድ ይታሰራል። ሁለቴ የተቋጠረ ፌስታል ግን በጥፍር አይፈታም፤ በጥርስ ይቀደዳል፤ ከተቀደደ ደግሞ ዳግም ሽንኩርት እንኳ አይያዝበትም። እንጀራው እስከዚያ በላብ ተጠምቋል። ገበሬ ያረሰው፣ ያጨደው፣ የወቃው፣ ሴት ቀናት ጠብቃ ያቦካችው ጤፍ በሁለት ጣት ችኮላ አረንጓዴ ነጥብ ሲያወጣ፣ ይህ ጥንቃቄ አይባልም፤ እልህ ነው! በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ስለ ቋጠሮው ያለው ነገር የለም።

የላብ መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ከሥር የተነጠፈ ወረቀት እርጥበቱን ይጠጣል፤ ሲርስ ይቀየራል። የጋዜጣ ቀለም ስለሚለቅ በመካከል ንጹሕ ጨርቅ ይገባል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣም ተነቦ ሲያበቃ ሁለተኛ ሥራ አያጣም፦ መደርደሪያ ላይ ይነጠፋል፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይለበጥበታል፣ ጥሬ አቮካዶ ይጠቀለልበታል። ፍሬው የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ወረቀቱ ውስጥ ሲታፈን አቮካዶው ቶሎ ይበስላል። የተማሪ ደብተር ደግሞ ለቆሎ ይጠቀለላል፤ መምህሩ በቀይ የጻፉት 4 ከ10 ከነፊርማው ቆሎውን ተከትሎ ይሸጣል።

ሳይሻግት የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። ከዚያም የተረፈው ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ድርቆሽ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ በሻንጣም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይላካል። ድርቆሽ እርጥበት ካገኘው ስለሚላላ፣ ፌስታሉ ጥብቅ ተደርጎ መቋጠር አለበት። ሁለቴ ቢሆንም አይከፋም።