ደመወዝ፦ በስምምነት

በአዲስ አበባ ከለቡ ሙዚቃ ሰፈር እስከ ለቡ መብራት ኃይል የቆሙት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ለትምህርት ጥራት ከትምህርት ሚኒስቴር በላይ ይጨነቃሉ። የተለጠፈባቸውን ያነበበ ይመስክር፦ ለካፌ ገንዘብ ተቀባይ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ፤ ለእንግዳ ተቀባይ፣ በማኔጅመንት ዲግሪ፤ ለሱቅ ሽያጭ፣ በማርኬቲንግ ዲግሪና 3 ዓመት የሥራ ልምድ። ደመወዝ በስምምነት። (አሠሪው ቁጥሩን ይናገራል፣ ተመራቂው ይስማማል።)

ለእነዚህ አሠሪዎች ምስጋና ያንሳቸዋል። የማኪያቶ መልስ መቁጠርን የሚያህል ብሔራዊ አደራ ዲግሪ ለሌለው ሰው አሳልፈው አልሰጡም። ክፉ አፍ ግን «ወረፋው ስለረዘመ ወረቀቱን መቀነሻ አደረጉት እንጂ ሥራውስ የአራት ዓመት ትምህርት አይጠይቅም» እያለ ያማቸዋል።

የልምዱም ነገር እንዲሁ ነው። ልምድ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ከሌላ አሠሪ ዘንድ። ያም ሌላው የሚፈልገው ልምድ ያለውን ነው፤ እኔ አስተምሬ ሳበቃ ባላንጣዬ ጥቂት ብር ጨምሮ ይነጥቀኛል ብሎ ይሰጋልና። ሁሉም ከጎረቤት እሳት ሊጭር ወጥቶ የሰፈሩ ምድጃ በሙሉ በርዷል።

መንግሥትም የበኩሉን አድርጓል። በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 አለፉ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ 70 በ30 መጣ፦ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ኢንጂነሩ በገፍ ተመረቀ፤ የሚቀጥረው ፋብሪካ በ70 በ30 አልተመደበም ነበርና ቀረ። ለአንዳንዱ ኮብልስቶን ተገኘለት፤ ድንጋይም ቢሆን ከሲቪል ምህንድስና አይርቅም። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጨመረ። መውጫው በሚገባ ተጠናክሯል፤ የሚወጡበት ቦታ ገና በጥናት ላይ ነው።

በመስከረም 2009 የተመረቀው የጅቡቲው ባቡር ከዚሁ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ይነሣል። ሐዲዱን የዘረጉት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱትም እነሱው። የእኛ ኢንጂነር ከጣቢያው ደጅ ራይድ ይዞ መንገደኛ ይጠብቃል። ሙያውን ረሳ እንዳትሉ፤ አስፋልቱ የት የት እንደተቦረቦረ፣ የትኛው ጅምር ሕንፃ ስንት ዓመት እንደቆመ ከማዘጋጃ ቤት ይልቅ እሱ ያውቃል። ሥራ አጥም አይደለም። በዓለም ሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንት 1 ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አለው። በሪፖርታችንም «የሥራ ዕድል የተፈጠረለት» ይባላል፤ ዕድሉን የፈጠረችለት የአክስቱ አሮጌ ቪትዝ ብትሆንም።

ዲግሪውም ልምዱም ተሟልቶ የአመልካቹ ስም ሲጠራ ዋስ ይጠየቃል፦ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ደብዳቤ የሚያጽፍ። ማለትም ሥራ ለማግኘት ሥራ ያለው ዘመድ ያስፈልጋል። ዘመዱ ካለ ማስታወቂያውን ማንበብ ለምን አስፈለገ? ይህን የሚጠይቅ አመልካች ለቃለ መጠይቅ አይጠራም።

ቀድሞ በካፌው ሳጥን ላይ ትቀመጥ የነበረችው የአሥረኛ ክፍል ልጅስ? ባለዲግሪዋ ስትመጣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ወረደች። እዚያም ተደላድላ ባትቀመጥ ይሻላታል፦ «ዕቃ አጣቢ፣ በሆቴል ሙያ ዲፕሎማ ያላት፣ ልምድ 2 ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት» ለሚለው የሚሆን ባዶ ምሰሶ አሁንም አለ።